በነጻ የተገኘ ትምህርት ብድር አለበት

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን፣ በተመደብኩበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበረው የአማርኛ መዝገበ ቃላት አንድ ብቻ ነበር። እሱም በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ እንዳይጠፋ ተብሎ በቁልፍ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። አንድ ተማሪ የአንድን ቃል ፍች ለማየት ሲፈልግ አስቀድሞ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ መፈለግ፣ ኃላፊውም ቁልፉን እስኪያመጣ መጠበቅ ነበረበት። መጽሐፉ ከወጣለት በኋላ ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ጓደኞቹ ከጀርባው ስለሚቆሙ፣ ቃሉን ፈጥኖ ፈልጎ ፍቹን በደብተሩ ላይ መገልበጥ ግድ ይሆንበታል። በእርግጥ ይህ ሁሉ ችግር የሚያስመሰግን አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ዓይነት ድካም የተገለበጠ ቃል በቀላሉ አይረሳም ነበር።

ዛሬ ያ ቁም ሣጥን ተከፍቷል ለማለት ይቻላል። ስልክ ያለውና ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ተማሪ፣ የእኔ ተማሪዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያዩት ከሚችሉት የሚበልጥ የቋንቋ መጽሐፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያገኝ ይችላል፤ ለዚያውም ምንም ሳይከፍል። በቅርቡ የአንድ ወዳጄ ልጅ የሆነ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በስልኩ ላይ የሰበሰባቸውን የቋንቋ መማሪያዎች አሳየኝ። የፈረንሳይኛ፣ የዓረብኛ፣ የቻይንኛና የቱርክኛ ትምህርቶች ነበሩት፤ ከእነዚህም ሌላ ሁለት መዝገበ ቃላትና ቁጥራቸው ከሠላሳ የሚበልጥ የሰዋስው መጻሕፍት አከማችቷል። ሀብቱን አይቼ ካደነቅሁ በኋላ፣ «ከእነዚህ ውስጥ የትኛውን ጨረስክ?» ስል ጠየቅሁት። ልጁም ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሁሉንም ጀምሬአቸዋለሁ» ሲል መለሰልኝ።

ይህ መልስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የማወቅ ፍላጎቱም የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ማግኘትንና ማወቅን እንደ አንድ ነገር ቆጥሯቸዋል። ብዙዎቻችንም፣ ትልልቆቹ ጭምር፣ በዚህ ስሕተት ላይ ስለምንወድቅ ጉዳዩን በጥሞና መመልከት የሚገባ ይመስለኛል።

በእኔ አስተያየት፣ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኙት የቋንቋና የሥነ ልሳን ትምህርቶች ዘመናችን ካፈራቸው መልካም ነገሮች የሚቆጠሩ ናቸው። ሆኖም ነጻ የሚያደርጉን ከገንዘብ ክፍያ ብቻ ነው። ተጠቃሚው ሊመልሰው የሚገባ ሌላ ብድር አለባቸው። ብድሩም ሦስት ነው፤ አንደኛው ድካም ነው፤ ሁለተኛው የተማሩትን ከሕያው ተናጋሪ ጋር ማመሳከር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የአቅምን ያህል መልሶ መስጠት ነው። እነዚህን ሦስቱን ከዚህ በታች በየተራ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሀብቱ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በዩኒቨርሲቲው የሚሰጡትን ትምህርቶች ለማንኛውም ሰው በነጻ እንደሚያቀርብ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነበር፤ ከትምህርቶቹም መካከል የሥነ ልሳን መግቢያ ይገኝበታል። በዚያው ዓመት ዊኪፔዲያ የተባለው ነጻ መዝገበ ዕውቀት ተጀመረ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የመዝገበ ቃላት እኅቱ የሆነው ዊክሽነሪ ተከተለ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቋንቋ ማሠልጠኛ ለዲፕሎማቶቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተመው የአማርኛ መማሪያም፣ የዚያ አገር መንግሥት የሚያዘጋጃቸው ጽሑፎች በአገሩ ሕግ የደራሲ መብት ክልከላ ስለሌለባቸው፣ ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊወስደው ይችላል። ልጆቻቸውን አማርኛ ለማስተማር የሚፈልጉ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን እንዲህ ባሉት መጻሕፍት ሊጠቀሙ ይችላሉ። እንደዚሁም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ከ500 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በነጻ ይገኛል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ከእነዚህ መካከል ናቸው። አንድ ተማሪ የመግለጫውን አንድ አንቀጽ በአራቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን አድርጎ ቢያነብ፣ ቋንቋዎቹ በምን እንደሚመሳሰሉና በምን እንደሚለያዩ በዓይኑ ሊያይ ይችላል።

የቋንቋን ጠባይ ለሚመረምር ተማሪ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አለ። «የዓለም ቋንቋዎች መዋቅር አትላስ» የተባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 በመጽሐፍ መልክ ታትሞ ነበር፤ ከ2008 ጀምሮ ግን በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ሆኗል። በውስጡም ከ2,600 ስለሚበልጡ ቋንቋዎች የተሰበሰበ መረጃ በካርታ ተመልክቷል። ይህ ዓይነቱ ሥራ በክፍል ውስጥ የምንማረውን ሰዋስው ሕይወት ይዘራበታል።

ለምሳሌ ያህል የዐረፍተ ነገርን ቅደም ተከተል እንመልከት። «አልማዝ ደብዳቤ ጻፈች» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱ ይቀድማል፤ ተሳቢው ይከተላል፤ ማሠሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ብዙ ተማሪዎች ይህን ሥርዓት የአማርኛ ብቻ አድርገው ያስባሉ። አትላሱን ቢመለከቱ ግን የቃላት ቅደም ተከተላቸው ከተመዘገበላቸው ከ1,300 በላይ ቋንቋዎች መካከል ከ500 የሚበልጡት እንደ አማርኛ ግሣቸውን በመጨረሻ እንደሚያስቀምጡ ይገነዘባሉ። ጃፓንኛ፣ ቱርክኛ፣ ሂንዲና ኦሮምኛ ከእነዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው። በአንፃሩ የአማርኛ ዘመድ በሆነው በግእዝ ግሥ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ቀድሞ ይመጣል። አስተዋይ የሆነ ተማሪ ከዚህ ተነሥቶ፣ «ታዲያ አማርኛ ከዘመዱ ከግእዝ ተለይቶ ግሡን ወደ መጨረሻ የወሰደው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙ የሥነ ልሳን ሊቃውንት የሚሰጡት መልስ፣ የአማርኛ ተናጋሪዎች ከኩሽ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ጋር ለረዥም ዘመን ተቀላቅለው በመኖራቸው ነው የሚል ነው። እንግዲህ አንድ ካርታ ከሰዋስው ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ሕዝቦች ታሪክ አደረሰን ማለት ነው።

የድምፆችም ነገር እንዲሁ ነው። «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» የመሳሰሉት፣ አየሩ በጉሮሮ ታፍኖ ቆይቶ ድንገት ሲለቀቅ የሚሰሙት ድምፆች፣ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ባዕድ ይሁኑበት እንጂ፣ በካውካሰስ ተራሮች አካባቢ ለሚኖሩት ለጆርጂያ ሰዎችም ሆነ በሰሜን አሜሪካ ለናቫሆ ሕዝብ የዕለት ተዕለት ድምፆቻቸው ናቸው። ይህን የመሰለ ዕውቀት ቀደም ሲል በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተወስኖ የሚኖር ነበር፤ ዛሬ ግን የወረዳ ከተማ ተማሪም ዕድሉን ካገኘ ሊደርስበት ይችላል።

የሀብቱ ብዛት ይህን ያህል ከሆነ፣ አንዳንድ ሰዎች «ከእንግዲህ ወዲያ መምህርና መማሪያ መጽሐፍ ምን ይጠቅማሉ?» ማለታቸው አያስገርምም። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው ቆመው፣ «በነጻ የተሰጠ ነገር ርባና የለውም፤ ስልክ ልጆችን ከማዘናጋት በቀር ያስተማረው ነገር የለም» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች መሣሪያውን እንጂ ሠራተኛውን አልተመለከቱም እላለሁ። ማረሻ በራሱ መሬት አያርስም፤ አላረሰም ተብሎም አይወቀስም። የሚጠየቀው የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ተጠቃሚው ብድር እንለፍ።

የመጀመሪያው ብድር ድካም ነው። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ የዲፕሎማቶች ማሠልጠኛ፣ አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አማርኛን ለሥራ በሚያበቃ ደረጃ ለመማር 1,100 ያህል የክፍል ሰዓት እንደሚያስፈልገው ይገምታል። እነዚህ ሰልጣኞች ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ በመምህራን እየታገዙ፣ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይኖራቸው የሚማሩ ናቸው። አሁን ደግሞ በስልኩ ላይ በየቀኑ ለሩብ ሰዓት ብቻ የሚማርን ሰው እናስብ። 1,100 ሰዓት በሩብ ሰዓት ሲካፈል 4,400 ቀን ይሆናል፤ ይህም አንድ ቀን እንኳ ሳይጓደል 12 ዓመት ማለት ነው። በቀን አንድ ሰዓት ቢማር ግን ሦስት ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ይህ ስሌት የሚያገለግለው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ሲሆን፣ አንዱ ቋንቋ ለሌላው ያለው ቅርበት እንደየሁኔታው ስለሚለያይ ሰዓቱም ይለያያል። ቢሆንም ቋንቋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚታወቅ አድርገው ከሚነግሩን ማስታወቂያዎች እንድንጠነቀቅ ያስተምረናል።

ሩብ ሰዓት ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ በየቀኑ የሚደረግ ጥቂት ጥረት አልፎ አልፎ ከሚደረግ ብዙ ጥረት ይሻላል። ጉዳቱ የሚመጣው ሩብ ሰዓቱ በአራት ቋንቋዎች ሲከፋፈል ነው። የወዳጄ ልጅ ሁሉንም ጀምሮ አንዱንም ያልጨረሰው፣ መጽሐፍ ለመቀየር የሚከፍለው ነገር ስለሌለ ነው። አንድ ትምህርት ከበድ ሲለው ሌላ ይከፍታል፤ ሌላውም ከበድ ሲለው ወደ ሦስተኛው ያልፋል። የእኔ ተማሪዎች ግን ከአንዱ መዝገበ ቃላት በቀር ሌላ ስላልነበራቸው ከከባዱ ገጽ ጋር መታገል ነበረባቸው። ያ ትግል ነበር ያስተማራቸው። ዛሬ ያንን እጦት መመለስ አይገባንም፤ ነገር ግን እጦቱ ያስገድደን የነበረውን ጽናት አሁን በገዛ ፈቃዳችን ልንይዘው ይገባናል። አንድ ቋንቋ፣ አንድ መማሪያ፣ አንድ ደብተር መርጦ እስከ መጨረሻው መሄድ ማለት ነው። አዲስ ቃል በስልክ ላይ ታይቶ ሲታለፍ ይጠፋል፤ በእጅ ሲጻፍና በራስ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ይቀራል።

ሁለተኛው ብድር የተማሩትን ከሕያው ተናጋሪ ጋር ማመሳከር ነው። ይህን ለማስረዳት ከራሳችን ቋንቋ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጊዜው ያልደረሰ መሆኑን ያመለክታል፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን የልደት በዓል ይሆናል። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ በውኃ ውስጥ የሚደረግ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የበላይ ወይም አለቃ ማለት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ሲሆን፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። ፊደላችን ይህን መጥበቅና መላላት ለይቶ አያሳይም። እኛ ከእናቶቻችን አፍ ስለ ሰማነው አንቸገርም፤ በጽሑፍ ብቻ የሚማር ባዕድ ግን ልዩነቱን ከወዴት ያገኘዋል? በውጭ አገር ተወልዶ አማርኛን በላቲን ፊደል ከተጻፈ የቃላት ዝርዝር የሚማር ልጅ ደግሞ ችግሩ ይብስበታል፤ ዝርዝሩ በጥንቃቄ ካልተዘጋጀ «ተ»ን ከ«ጠ»፣ «ከ»ን ከ«ቀ» መለየት ያቅተዋልና።

የጉግል የትርጉም መሣሪያ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ኦሮምኛንና ትግርኛን ደግሞ በ2022 ጨምሯል። እነዚህ መሣሪያዎች የአንድን ጽሑፍ አጠቃላይ ሐሳብ በችኮላ ለመረዳት ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ መኪናው «ገና» የሚለውን ቃል በተጻፈበት መልኩ ብቻ ሲያገኘው፣ ጠበቀ ወይስ ላላ የሚለውን የሚገምተው በዙሪያው ካሉት ቃላት ነው። ግምት ደግሞ አንዳንዴ ይሰምራል፤ አንዳንዴ ይስታል። የስሕተቱ ክፋት ደግሞ ቋንቋውን የማያውቀው ተማሪ ሊያውቀው አለመቻሉ ነው። የተሳሳተውም ሆነ ትክክለኛው መልስ በተመሳሳይ ፊደል፣ በተመሳሳይ ድፍረት ተጽፎ ይቀርብለታል። ስለዚህ አንድ ነገር ከመቀበላችን በፊት ሁለተኛ ምስክር መጥራት አለብን፤ ከምስክሮቹም ሁሉ የሚበልጠው ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ነው።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። ከ370 ዓመታት በፊት ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት በአገሩ ሳለ ግእዝን ከመጻሕፍት አጥንቶ ነበር። ነገር ግን ከመጻሕፍት ያገኘው ዕውቀት እንደማይበቃው ተረድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም በሄደ ጊዜ በዚያ ይኖሩ የነበሩትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፈልጎ አገኘ። ከእነሱም አንዱ የአምሐራ ተወላጅ የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎታ ከተማ ተጋብዘው ሄዱ፤ ሉዶልፍም ቃላቱን፣ አነጋገሩንና የአገሩን ታሪክ ከእሳቸው ተማረ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የዚያ ትውውቅ ፍሬዎች ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን መጻሕፍቱን ለማየት አልታደሉም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ላይ ሞተዋል።

ዛሬ የሉዶልፍ መጻሕፍት በፎቶግራፍ ተነሥተው በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ያ ጀርመናዊ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን ለማግኘት እስከ ሮም ድረስ መሄድ አስፈልጎት ነበር። በአገራችን ግን ከ80 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገራሉ፤ ከጎረቤታችን፣ ከክፍል ጓደኛችን፣ ከገበያተኛው አንደበት በየቀኑ እንሰማቸዋለን። ከስልኩ ቱርክኛ የሚማረው የወዳጄ ልጅ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተው የሚኖሩትን የኦሮምኛ ተናጋሪ እናት በቋንቋቸው «እንደምን አደሩ» ሊላቸው አይችልም። ቱርክኛ መማሩ የሚደገፍ ነው፤ በደጁ ያለውን መምህር መዘንጋቱ ግን ያስቆጫል። እኒያ እናት የሚከፈላቸው ገንዘብ የለም፤ የይለፍ ቃልም አይጠይቁም፤ ስሕተትን ሲሰሙም በፍቅር ያርማሉ።

ሦስተኛው ብድር መልሶ መስጠት ነው። መስጠት ደግሞ የሚጀምረው የሰውን ድካም ከማክበር ነው። በነጻ የሚገኝ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ ሉዶልፍ መጻሕፍት ያሉት የባለቤትነት ዘመናቸው ስላለፈ የሁሉም ሀብት ሆነዋል። እንደ ዊክሽነሪ ያሉት ደግሞ አዘጋጆቹ ወደውና ፈቅደው ለሁሉም የሰጧቸው ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት ግን አለ፤ ይኸውም በሕይወት ያለ ወይም በቅርቡ ያረፈ ደራሲ ብዙ ዓመት የደከመበት መጽሐፍ ያለ ፈቃዱ ተገልብጦ ሲበተን ነው። በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ያለ ፈቃድ የተበተነውን መጽሐፍ «ነጻ» ብሎ መጥራት፣ ከሰው ማሳ የተሸመጠጠን እሸት ስጦታ ብሎ እንደ መጥራት ይቈጠራል። የመዝገበ ቃላትና የሰዋስው ደራሲዎች ካልተጠቀሙ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ የሚጽፍልን አናገኝም።

ከዚያ ቀጥሎ የራስን ድርሻ መጨመር ይመጣል። ዛሬ በስልካችን ላይ በአማርኛ የምንጽፈው፣ የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ጽሕፈቶች የኮምፒዩተር መለያ ውስጥ ስለገባ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ መለያ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ይህ ችግር የተቃለለው ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ተጨምረውበት ብዙ ሰዎች ስለደከሙ ነው። እኛም የድካማቸውን ፍሬ ሳንከፍል እንበላለን።

ይሁን እንጂ የተከፈተልንን በር ምን ያህል ተጠቅመንበታል? በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡ ጽሑፎች ሲገኙ፣ በአማርኛው ውስጥ ያሉት 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ለዚህ የምናማርረው ማንን ነው? የእንግሊዝኛውን የጻፉት እንግሊዝኛ የሚያውቁ ፈቃደኞች ናቸው፤ የአማርኛውንም ከአማርኛ ተናጋሪዎች በቀር ሌላ ሊጽፈው አይችልም። ከአማርኛ ያነሰ የጽሑፍ ታሪክ ያላቸው የአገራችን ቋንቋዎች ደግሞ የበለጠ እጅ ያስፈልጋቸዋል። የመተርጎሚያ መሣሪያዎቹ በቋንቋዎቻችን ላይ ስሕተት የሚያበዙበት አንዱ ምክንያት የሚማሩበት ጽሑፍ ማነሱ ነው። ስለዚህ እኛ ያልጻፍነውን ነገር መኪናው አላወቀም ብለን ልንፈርድበት አንችልም።

አንድ የዘጠነኛ ወይም የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ምን ሊያበረክት ይችላል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ብዙ ነገር ሊያበረክት ይችላል። ከአያቶቹ የሰማውን የእርሻ፣ የሽመና ወይም የሸክላ ሥራ ቃላት ከነትርጉማቸው ሊመዘግብ ይችላል፤ የሚጠብቀውን ፊደል ምልክት አድርጎ ሊያመለክት ይችላል። ስለ ተወለደባት ከተማ ወይም ስለሚያውቀው ወንዝ እርግጠኛ የሆነበትን አጭር ጽሑፍ በአማርኛ ወይም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊያዘጋጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ «ኮመን ቮይስ» በተባለው የድምፅ ስብስብ ላይ ሰዎች ዐረፍተ ነገሮችን እያነበቡ ድምፃቸውን በነጻ ይለግሳሉ፤ ዓላማውም ኮምፒዩተሮች የሰውን ንግግር እንዲረዱ ለማስቻል ነው። በዚህ መንገድ የሚለገሰው ድምፅ፣ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ከፊደል በተሻለ ያሳያል። አንዱ ብቻውን ቢሠራው የሚከብደው ሥራ ለብዙዎች ቀላል ነው፤ አባቶቻችንም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

ከመደምደሜ በፊት አንድ ፍትሐዊ ተቃውሞ መመለስ አለብኝ። «ነጻ ነው የምትሉት ስልክና ኢንተርኔት ላለው ብቻ ነው፤ የካርድ መግዣ ለሌለው ተማሪ ምኑ ነጻ ሆነ?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። መብራትና ኢንተርኔት ባልደረሰበት ቀበሌ ያለ ተማሪ ከዚህ ሀብት ርቆ ይገኛል፤ ይህንን የማስተካከል ኃላፊነት ያለባቸውም ትልልቆቹ ናቸው። ነገር ግን ያ ቀን እስኪደርስ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ለምሳሌ «ኪዊክስ» በተባለው ፕሮግራም አማካይነት ዊኪፔዲያንና ዊክሽነሪን አንድ ጊዜ ገልብጦ፣ ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። አንድ መምህር ወይም አንድ ተማሪ ወደ ከተማ ሲወጣ ገልብጦ ቢያመጣ፣ በትምህርት ቤቱ ባለች አንዲት ኮምፒዩተር ብዙዎች ሊጠቀሙ ይችላሉ። የተሻለ ስልክ ያለው ተማሪም ያነበበውን በወረቀት ጽፎ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍ፣ ሦስተኛውን ብድር መክፈል ጀመረ ማለት ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ በነጻ የሚገኘው የቋንቋ ትምህርት ሊናቅም ሊመለክም አይገባውም። የሚደክሙለት፣ የሚያመሳክሩትና የሚመልሱት ብድር ነው። «ብድር በምድር» ይባላልና፣ የተቀበልነውን በዚሁ በምንኖርበት ምድር፣ በራሳችን ቋንቋዎች ልንከፍለው ይገባናል።

የወዳጄን ልጅ በሌላ ጊዜ አግኝቼው ነበር። ከሰበሰባቸው መማሪያዎች አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን እንዲያቆያቸው፣ በየማታውም ለጥቂት ጊዜ ጎረቤቱ ዘንድ ሄዶ እንዲጫወት መክሬዋለሁ። በደብተሩ ላይ ከእኒያ እናት አፍ የሰማቸውን አርባ ያህል የኦሮምኛ ቃላት ጽፎ አሳየኝ፤ ከጎናቸውም የአማርኛ ፍቻቸው ነበረ። ሁለቱን ቃላት እሳቸው አርመውለት ሰርዞ እንደገና ጽፏቸዋል። ያ የተሰረዘው መስመር በዚያ ቁም ሣጥን ፊት ተሰልፈው የነበሩትን ተማሪዎቼን አስታወሰኝ። እናንተም ዛሬ ማታ ደብተራችሁን ከፍታችሁ፣ ከጎረቤታችሁ የምትማሩትን የመጀመሪያውን ቃል ጻፉበት።